የጋሼ ይርዳው ቂም እና የአሎን ዛፍ

ሃጋይ የሚባለውን ሰውዬ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም፤ ግን ጠላቴ ነው። ጋሼ ይርዳውን ያዋረደ እኔንም አዋርዷል።

እኔ እዚህ ቅድስቲቱ ከተማ፣ ኢትዮጵያ ጎዳና ላይ ያለው የቤተ ክርስቲያናችን ዘበኛ ነኝ። ጋሼ ይርዳው እምነታቸው የአይሁድ ቢሆንም እንደኔው የጎንደር ሰው ናቸውና፣ ከሃነቪኢም መንገድ ሲመጡ ደጃፌ ላይ አረፍ ይላሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ ለአንድ ችግኝ ጣቢያ አሎን የሚባለውን የባሉጥ ዛፍ ፍሬ ከየጫካው ሲለቅሙ ኖረዋል።

ከሦስት ዓመት በፊት ዛፉ ሁሉ እንደ ላም ነጠፈ። ባዶ ጆንያ ይዘው ሲመለሱ አለቃቸው ሃጋይ በሠራተኛው ሁሉ ፊት «ዛፍ ሥር ተኝተህ ነው የምትውለው!» ብሎ ጮኸባቸው። ለቀማውን ለእህቱ ልጅ ለቤን ሰጠና እሳቸውን ታልፒዮት ሰፈር ባለው ሱቁ ውስጥ አበባ አጠጪ አደረጋቸው። ሽማግሌ ሰው እንዲህ ይባላል?

«ዛፉ እኮ ብልህ ነው» አሉኝ። «አንድ ዓመት እስኪጎብጥ ካፈራ ጉልበቱ ያልቃል፤ ያርፋል። ጎረቤቶቹም አብረውት ያርፋሉ። ያኔ ፍሬውን የሚበላው አይጥና ነቀዝ በረሃብ ያልቃል። ከዚያ ሁሉም ባንዴ ያወርዱታል፤ የተረፈው በላተኛ በልቶ አይጨርሰውም።»

ዛፍም ቂም ይይዛል ማለት ነው፣ አልኩ በልቤ።

በዓመቱ ፍሬው ዘነበ። ቤን ጆንያ በጆንያ ላይ ከመረ። የዚያ ዓመቱ ለሌላ ቦታ ተሰጥቶ ነበር፤ ፍሬው ደግሞ ሲደርቅ ስለሚሞት አይከማችም። ሃጋይ ግን ልቡ አብጦ፣ ከከተማው ወጣ ብላ ላለችው ለመቫሰረት ጽዮን ነዋሪዎች፣ እሳት የበላውን ኮረብታቸውን የሚቀጥለውን ዓመት ፍሬ ዘርቼ ዛፍ አለብሰዋለሁ ብሎ ቃል ገባ።

ጋሼ ይርዳው ሱቁ ድረስ ከጆንያው ጋር የመጣ ቅርንጫፍ አነሡ። የዚህ አሎን ፍሬ ለመብሰል ሁለት ዓመት ይፈጅበታል፤ የመጪው ዓመት ፍሬ ምስር አክሎ ካሁኑ ይታያል። አገላብጠው አዩት። አንድም የለበትም። መናገር ይችሉ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ሆድ ይፍጀው ብለው ቅርንጫፉን ጣሉት።

ባለፈው ጥቅምት ቤን አንድ ባልዲ እንኳ አልሞላም። ነዋሪዎቹ ሃጋይን ስብሰባ ላይ ውሸታም አሉት። ታልፒዮት ድረስ መጥቶ «ታውቅ ነበር?» አላቸው።

«አሳምሬ!» አሉት።

ይህን ሲነግሩኝ እልል ማለት ነው የቀረኝ። ኋላ ግን ትዝ አለኝ፤ ጋሼ ይርዳው የሚኖሩት እዚያው መቫሰረት ነው። መስኮታቸው ሲከፈት የሚታየው ያው ጥቁር ኮረብታ ነው። ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ አሎን ደግሞ አስተዳደጉ አዝጋሚ ነው፤ ኮረብታው ለምልሞ ለማየት ዕድሜ ይብቃቸው አይብቃቸው እንጃ።

«ታዲያ እርስዎን አይቆጭዎትም?» አልኳቸው።

«ይቆጨኛል እንጂ» አሉ። «ሃጋይን ግን ከኔ በላይ ይቁጨው።»