ደጅ የሚቆመው ፈረስ

የማኔጅሪያል አካውንቲንግ መምህራችን ከቆላ አገር የመጣ ሰው ነበር። የእንጅባራ ብርድ አልለቀው ብሎ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቦ ነው የሚያስተምረን። እኛ በሹራቡ እንስቃለን፣ እሱ በሒሳባችን ይስቃል፤ እንዲህ ተቻችለን ነው ኮርሱን የጀመርነው። የመጀመሪያ ቀን ሰሌዳው ላይ አንድ ነገር ጻፈ፤ «ወጪ በራሱ እግር አይሄድም፤ የሚነዳው አለ።» ወፍጮ ቤት ናፍጣ የሚበላው እህል ሲመጣ ነው፤ ስለዚህ ናፍጣውን የሚነዳው እህሉ ነው። የቤት ኪራዩ ግን እህል መጣ ቀረ ያው ነው። ይህን ያልለየ ሰው ሀብታም ሊሆን ይችላል፣ አለ፣ ለምን ሀብታም እንደሆነ ግን አያውቅም።

ነገሩ ደስ አለኝ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ «እንዲያው ነው» የሚባል መልስ አይዋጥልኝም። ሰፈራችን ውስጥ ለሁሉም ነገር መልሱ እንዲያው ነው፤ ዝናቡ ቢዘገይ እንዲያው ነው፣ ላሚቷ ብትነጥፍ እንዲያው ነው። እናቴ «ይኼ ልጅ ከዝንብ ጋር ሳይቀር ይሟገታል» ትለኝ ነበር። አሁን ከዝንብ ጋር መሟገትን በማርክ የሚያስተምር ሰው አገኘሁ።

ኮርሱ ሊያልቅ ሲቃረብ የቤት ሥራ ሰጠን። ከየቤታችን አንድ ነገር መርጠን፣ ይቆይ ወይስ ይወገድ የሚለውን በሒሳብ ማሳየት ነው። ያለፈውን ወጪ እንዳናስገባ አስጠነቀቀን። «ዘንገና ሐይቅ የጣላችሁትን ድንጋይ ዋኝታችሁ አታወጡትም። የሚታየው ከዛሬ ወዲያ ያለው ነው» አለ። አንዱ ባጃጅ መረጠ፣ አንዷ የአጎቷን የከሰል ሥራ። እኔ የአባቴን ፈረስ መረጥሁ። የመረጥሁት ለማርክ ብዬ አልነበረም፤ ፈረሱ ይሸጥ ተብሎ ስለነበረና እናቴ አልሸጥም ስላለች ነው።

ቤታችን ከጥርባ ሐይቅ ወዲህ፣ ወደ ጥሊሊ ከሚወስደው አስፋልት ገባ ብሎ ነው። አባቴ የሞተው መኸር ሳይገባ ነው። በእኛ አገር ባለፈረስ ሲሞት ፈረሱ ይሸለምና ኮርቻው ባዶውን ከአስከሬኑ ጋር ይሄዳል። የእኛውም ሄደ። ከቀብር መልስ ኮርቻው ወረደ፣ ፈረሱ ግቢ ውስጥ ተለቀቀ፣ ከዚያ ወዲያ ማንም አልተቀመጠበትም።

ነገር የመጣው ከተዝካሩ በኋላ ነው። ገበያ በሚቆምበት ቀን ጠዋት ፈረሱ ብቻውን ከግቢ ይወጣና አባቴ ወደ ጥሊሊ ገበያ በሚሄድበት መንገድ ያዘግማል። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ደጅ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ቆሞ አረፈደ። ሽማግሌው በዚያው ሳምንት ሞቱ። ደግሞ አንዲት ባልቴት ደጅ ቆመ፤ እሳቸውም አልሰነበቱም። ከዚያም አንድ ሌላ ደጅ። ከዚህ በኋላ ሰው መቁጠሩን ተወና መፍራት ጀመረ። ፈረሱ ሲያልፍ ልጆች ይሸሻሉ፣ ሴቶች ያማትባሉ። «ባዶውን አይደለም የሚሄደው» ተባለ።

የእድሩ ዳኛ ቤታችን መጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ከአባቴ ጋር ጎን ለጎን ሲጋልቡ የኖሩ ናቸው። ቁጭ አሉና «እኔ እንኳ አላምንም» አሉ። እንዲህ ብሎ የሚጀምር ሰው ማመኑን ያኔ ነው ያወቅሁት። «ግን ሰው ፈርቷል። ዳንግላ ጋሪ ያለው ሰው ይወስደዋል። ልጁ ፈተናውን እስኪጨርስ እንጠብቅና፣ በማግስቱ እድሩ ተሰብስቦ ይጨርሰው።»

እናቴ «አልሸጥም» አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። እኔ ኮሌጅ ነኝ፣ ሌላ ልጅ የላትም፤ ፈረሱ ከሄደ ግቢው ውስጥ ከእሷ ሌላ የሚተነፍስ ነገር አይኖርም። ይህን እያወቅሁም ተናደድሁባት። አጥራችን ቀርከሃ ነው፤ በሩ በውስጥ በኩል በእንጨት መወርወሪያ ይዘጋል፤ ፈረስ ደግሞ እጅ የለውም።

«እማዬ፣ አንቺ አትክፈችለት፣ ወሬው ያልቃል» አልኋት።

ፈገግ ብላ ወደ ፈረሱ ዞረች። ለእሱ የምታወራው በአዊኛ ብቻ ነው፤ አባቴም እንዲሁ ነበር። ልጅ ሳለሁ አማርኛ አይሰማም ብለው አሳምነውኝ ነበር።

እንጅባራ ተመልሼ ሒሳቡን ሠራሁ። ፈረስ ሠራም ተኛም ይበላል፤ ድርቆሹና ገብሱ ቋሚ ወጪ ነው። በሌላ በኩል የሚጻፍ ጥቅም የለም። መልሱ ግልጽ ነበር፤ ይወገድ። ቃሉን ጻፍሁት፣ ሰረዝሁት፣ መልሼ ጻፍሁት።

መምህሩ ወረቀቱን ሲመልስልኝ ገብሱን በቀይ አክብቦበት ነበር። ከስሩ «ከገበያ ቀን በስተቀር» ብዬ ጽፌ ነበር።

«ለምን በስተቀር?» አለኝ።

«የገበያ ቀን ማታ ገብስ ቢሰጡት አይነካም።»

«እኮ ለምን?»

«እንዲያው ነው» አልሁት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴም ደነገጥሁ።

መምህሩ ሹራቡን ሰበሰበ። «ጠግቦ ነዋ የሚመጣው! መንገድ ላይ የሚያበላው ሰው አለ። ከአንተ ጋር ወጪውን የሚጋራው ማን ነው? ለምንስ ይጋራል? ይህን ሳታውቅ ይወገድ ትላለህ?» ወረቀቱን መልሶ ሰጠኝና ሂድ አለኝ።

በገበያው ዋዜማ ቤት ገባሁ። ጠዋት ስነሣ ፈረሱ የለም። እናቴ ከእጇ የገብስ ገለባ እያራገፈች እሳት ታነድዳለች። በሩ በመወርወሪያው ተዘግቷል። ያንን ከፍቼ ወጣሁና መንገዱን ያዝሁ። ጉሙ ሰው ክንዱን ዘርግቶ እጁን የማያይበት ዓይነት ነበር። ፈረሱን ከማየቴ በፊት ኮቴውን ሰማሁት፤ ቀስ ብሎ፣ ሰው ተሸክሞ እንደሚሄድ ፈረስ ረግጦ ረግጦ ነው የሚሄደው። ባዶ ፈረስ እንዲህ አይሄድም። ፈራሁ። ሒሳብ ተማሪ ነኝ ብዬ ለራሴ ነገርሁት፤ አልረዳኝም።

አንድ አጥር ጋ ቆመ። በሩ ተከፈተና አንዲት ሴት እጇን ጨብጣ ብቅ አለች፤ የያዘችውን አበላችው፣ ግንባሩን ዳሰሰችው፣ ተመልሳ ገባች። ፈረሱ ቀጠለ። ሌላ አጥር፣ ሌላ እጅ፣ ደግሞ ቀጠለ። ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አባቴ ገበያ ሲወርድ በየደጁ እየቆመ «ከጥሊሊ ምን ላምጣላችሁ?» ይል ነበር። ጨው የሚልከው ይልከዋል፣ መድኃኒት የሚያስገዛው ያስገዛዋል፣ ማንም የሚወጣው ለፈረሱ አንድ እፍኝ ይዞ ነው። የመጀመሪያዋ እፍኝ የእናቴ ነበረች፤ ከአጥሩ ውጭ ድረስ ሸኝታው ነው ገብሱን የምትሰጠው።

ከዚያ የሞቱት ሽማግሌ ደጅ ደረስን። በሩ ተዘግቷል፣ ሣር በቅሎበታል። ፈረሱ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ቆመ። እኔም ቆምሁ። የሚወጣ እንደሌለ እያወቅሁ በሩን ሳይ ቆየሁ፤ እግሬ እስኪደነዝዝ። ከዚያ በኋላ ነው ፈረሱ አንገቱን ደፍቶ የሄደው።

መጨረሻ ላይ ያለው ቤት ዓይናቸው የደከመ፣ እግራቸውም አልታዘዝ ያላቸው የአንዲት አሮጊት ነው። አባቴ «እናቴ» ይላቸው ነበር። መሬት ለመሬት እየተንፏቀቁ ወጡ። እፍኛቸውን ዘረጉና፣ ቀና ብለው ከፈረሱ ጀርባ በላይ ወዳለው ጉም፣ «ዛሬ እንኳ ጨው አለኝ፤ አታምጣ» አሉ። እኔም ቀና አልሁ፤ ጉም ብቻ ነው።

«እማማ፣ ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?»

«ማነህ? ልጁ ነህ? ደህና ሰነበትህ?» አሉኝ።

«ለምን ይወጣሉ እንዲህ እየተቸገሩ? እርስዎም ፈርተው ነው?»

«ምኑን እፈራለሁ! የወጣለትን ሰው አልፎ ይሄዳል። ያልወጣለትን ነው የሚጠብቀው። እነዚያም አልጋ ይዘው ነው ያልወጡለት። እኔ እያለሁ ደጄ ቆሞ እንዲቀር አልፈልግም።»

የሰፈሩን ስሕተት እዚያው አጥር ሥር ቆሜ አየሁት። ፈረሱ በየደጁ ይቆማል፤ ጤነኛው ወጥቶ ያበላዋል፣ ያልፋል፣ ማንም ልብ አይልም። የታመመው አይወጣም፤ ፈረሱ ቆሞ ይጠብቃል፤ ያኔ ሁሉም ያያል። ከዚያ በሽተኛው ይሞታል፣ ፈረሱ ገደለው ይባላል። ሞትን ያመጣው ፈረሱ አልነበረም፤ የፈረሱን እግር ያሰረው በሽታው ነው። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ወረቀቱን እንደገና ጻፍሁት፤ በጥቅሙ በኩል «አልጋ የያዘን ሰው ይጠቁማል» አልሁ። መምህሩ አንብቦ እጄን ጨበጠኝ።

ፈተናው ባለቀ ማግስት የገበያ ቀን ነበር፤ እድሩም ከሰዓት ይሰበሰባል። ዳንግላ ያለው ሰውዬም ይመጣል ተብሏል። ወረቀቴን ይዤ በጠዋቱ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። አስፋልቱ ላይ ወርጄ ገባ ስል ጉሙ ያው ነው። ዳኛውን በምን ቃል እንደምረታቸው እየተለማመድሁ ሄድሁ።

ፈረሱ ከአጥራችን ውጭ ቆሟል። መጀመሪያ እኔን የሚጠብቅ መስሎኝ ሳቅሁ። ቀርቤ ሳየው ፊቱ ወደ በራችን ነው። ሌላ ቀን በዚህ ሰዓት መንገዱን አጋምሷል።

ሳቄ አፌ ላይ ቀረ። ለእድሩ ላስረዳው የነበረውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለራሴ አስረዳሁት። «እማዬ!» ብዬ ጮኽሁ። መልስ የለም። በሩን ገፋሁት፤ በውስጥ ተወርውሯል። ቀርከሃውን ተንጠላጥዬ ዘለልሁና ገባሁ።

መደብ ላይ ተኝታለች። ፊቷ እንደ እሳት ይጋረፋል፣ ከንፈሯ ደርቋል። ዓይኗን ገልጣ አየችኝና «አልወጣሁለትም አይደል?» አለች። አቅፌአት አለቀስሁ። ሐሙስ ማታ እንደወደቀች ነው፤ ውኃ የሚያቀብላት እንኳ አልነበረም። ባጃጅ ጠርቼ እንጅባራ ሆስፒታል አደረስኋት። ሐኪሙ አንድ ቀን ብትዘገይ ኖሮ ብሎ ጀመረና ፊቴን አይቶ ተወው።

ዳኛው ስብሰባውን ትተው ሆስፒታል መጡ። ወረቀቴን ላወጣላቸው ስል በእጃቸው ከለከሉኝ። «ፈረሱ ባይቆም ኖሮ አጥሩን አትዘልም ነበር። ጋሪ ያለውን ሰውዬ መልሼዋለሁ» አሉ።

እናቴ ትንሽ ሲሻላት፣ ሾርባ እያጠጣኋት፣ አንድ ነገር ጠየቅኋት። አጥሩን ስዘል አእምሮዬ ውስጥ የገባ፣ ከዚያ አልወጣ ያለኝ ነገር ነበር።

«ሐሙስ ከወደቅሽ፣ የገበያው ቀን ጠዋት ማን ከፈተለት?»

«ለማን?»

«ለፈረሱ ነዋ። በሩ በውስጥ ተዘግቶ ነበር። ሌላ ጊዜ የምትከፍችለት አንቺ ነሽ።»

ማንኪያውን በእጇ ገፋ አደረገችው። «እኔ አንድም ቀን ከፍቼለት አላውቅም» አለች። «እፍኜን ይዤ በሩን ከፍቼ ስወጣ፣ ውጭ ቆሞ ነው የማገኘው።»

መምህሩ ለዚህ ምን እንደሚል አላውቅም፤ አልነገርሁትም። ከወረቀቱም አላስገባሁትም።

እናቴ ድናለች፣ ግን ጉልበቷ አልተመለሰም፤ አጥሩ ድረስ አትሄድም። ስለዚህ በገበያ ቀን ዋዜማ ከእንጅባራ እመጣለሁ። ማታ መወርወሪያውን ራሴ እዘጋና ነካ ነካ አድርጌ አየዋለሁ። ጠዋት እፍኝ ገብስ ይዤ ስከፍተው ፈረሱ ውጭ ቆሞ ይጠብቀኛል። አበላዋለሁ። ከዚያ ዓይኔን ከጀርባው ትንሽ ከፍ አድርጌ፣ በአዊኛ፣ ዛሬ ከጥሊሊ ምንም አያስፈልገንም እላለሁ።