ያልተላገው ሳንቃ

መምህርት አምሳል ደባርቅ ገበያ ጥግ የሚሠራውን አናጢ በየቀኑ ስታልፍ ታየዋለች። ስሙን የሚያውቅ የለም። ቀይ ሽብር ባለፈ በዓመቱ ከዳባት በኩል አሮጌ ሳንቃ በበቅሎ ጭኖ መጣ፤ በዚያው ቀረ። ፀሐይ ቢወጣም ያን አዝራር የሌለው ካፖርቱን አያወልቅም። የቆመ ጽድ ቁረጥልን ሲሉት "ዛፉ ምን በደለኝ?" ይላል። ከፍርስራሽ እንጨት ይለቅማል፤ የጎበጠውን ሚስማር አቃንቶ መልሶ ይመታዋል። ቀለም አይወድም። ሰምና የተልባ ዘይት አሙቆ፣ ጥፍር በሌላቸው ጣቶቹ እንጨቱን ሲያሽ ይውላል።

ዛሬ ያሠራችውን የመጽሐፍ ሣጥን ልትወስድ መጣች። ላዩ እንደ መስተዋት ያበራል። ክዳኑን ስታነሣው ግን ውስጡ አልተላገም፤ በሚስማር የተጫሩ የሰው ስሞች ሞልተውታል። ሦስተኛውን በጣቷ ተከትላ አነበበችው። ሻረው ይላል። አብሯት ሲያስተምር ከክፍል ጠርተው ወስደውት፣ የውሃ ሽታ ሆኖ የቀረው ሻረው!

"አባቴ፣ ይሄ ሳንቃ ከየት መጣ?"

"ከፈረሰ እስር ቤት። በሩ ነው።"

"ካድሬ ቢያይስ? ሁለታችንንም ይፈጁናል እኮ! ቢልጉት ምን ነበረበት?"

"ሰው ሁለት ጊዜ ይገደላል እንዴ፣ ልጄ?"

ክዳኑን መልሳ ገጠመችው። "የቀረው የበሩ ሳንቃስ?"

ጣቱን ሰሙ ውስጥ ነከረ።

"የቀበሌው ሊቀ መንበር ጠረጴዛ አሠርቶኛል" አለ ረጋ ብሎ። "በየቀኑ ክርኑን አስደግፎ ይፈርምበታል። ጎንበስ ብሎ ሥሩን አይቶት አያውቅም።"