«አጭር ለማን?»

ጓደኞቿ «እንቢ» ይሏታል። እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም፤ አንደኛ ዓመት የኮምፒውተር ትምህርት ላይ ያተረፈችው ነው።

ዩኒቨርሲቲ ስትገባ እንዲህ አልነበረችም። የፕሮግራም ትምህርት ሲጀመር ልቧ ጥፍት አለ። መምህሩ «ችግር ሲበታተን ይቀላል» ሲሉ እንደ ጸሎት ያዘችው። ቤት ስትመጣም ሁሉን መበታተን ጀመረች። እናቷ ልብስ ስታጣጥፍ አጠገቧ ቆማ «እማ፣ ሸሚዞቹን ብታስቀድሚ እኮ ሥራው ይቀልልሻል» ትላለች። ታናሽ እህቷ ስታለቅስ «ችግሩን ባጭሩ ንገሪኝ» አለቻት። ልጅቷ ብሶባት አረፈው። እናትየው «ልጄን ልኬ ማሽን መለሱልኝ» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከአንገት በላይ ነበር።

ከዚያ የአውቶቡሱ የቤት ሥራ መጣ። የከተማውን አንድ መስመር ሰጥተዋቸው ጉዞውን የሚያሳጥር፣ ሰው የማይበዛበትን ፌርማታ የሚዘል ፕሮግራም ጻፉ ተባሉ። የሚያርመው ሰው ሳይሆን ሌላ ፕሮግራም ነው። የእሷ ሙሉ ነጥብ አገኘ። በደስታ ልትፈነድቅ ስትል የተዘለሉትን ፌርማታዎች አየች። አንዱ ዳገቱ አናት ላይ ያለው የእነሱ ሰፈር ነው፤ አባቷ በምርኩዝ እየታገዘ የሚሳፈርበት።

ክው አለች። ቁጭ ብላ ፕሮግራሙን ቀየረችው፤ ሌላ መሄጃ የሌለው ሰው የሚጠብቅበት ፌርማታ እንዳይዘለል አደረገች። አሁን ማረሚያው ዜሮ ሰጣት። በቀጥታ መምህሩ ቢሮ ሄደች።

«ትናንት ሙሉ አግኝተሽ አልነበር? ምን ነካሽ?»

«ትናንት አላሰብኩም ነበር።»

«የተጠየቅሽው አጭሩን መንገድ ነው።»

«አጭር ለማን?»

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ክፉ ሰው አይደሉም። «ይሄ መግቢያ ነው፣ ልጄ። እሱን ወደፊት ትደርሺበታለሽ።»

«እስከዚያ አለማሰቡን እንለምደዋለና!»

«በይ የመጀመሪያውን መልሰሽ አስገቢና እንገላገል።»

«እንቢ።»

ቃሉ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ፤ ቅጽል ስሟም ሆኖ ቀረ። ዜሮውም እንደዚያው ቀረ፤ ውጤቷን ወደ ታች ጎተተው። አልቆጫትም ማለት ውሸት ነው፤ ሽንት ቤት ገብታ አልቅሳለች። ትምህርቱን ቀይሪ ሲሏት ግን «እኔ ጥዬ ብወጣ ማን ሊጽፈው ነው? የማይጠይቁት ብቻ?» ብላ ቀጠለች። ጨረሰችም።

ዛሬ እዚያው ክፍል የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን ታስተምራለች። እሷ ዘንድ ማንም ኪቦርድ ከመንካቱ በፊት መልሱ ማንን እንደሚጎዳ ይናገራል። ክርክሩ ይጦፋል፤ ሰዓቱ ይነጉዳል። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ባለፈው አስጠርተዋት ነበር።

«ሌሎቹ ክፍሎች ጥለውሽ ሄደዋል። ተማሪዎችሽ ወደኋላ ቀሩ እኮ!»

«ኮዱን ይደርሱበታል። ጥያቄው ነው ካመለጠ የማይመለሰው።»

«ሌላ ሰው ልመድብ እችላለሁ።»

«ይመድቡ። ተማሪዎቹ እሱንም ማፋጠጣቸው አይቀርም።»

እሷ ቦርሳዋን አንስታ ወደ ክፍሏ ሄደች፤ ተማሪዎቹ ክርክሩን ጀምረውት ኖሮ ጩኸታቸው ከደረጃው ሥር ይሰማል።