የእማማ ሩቂያ ጨረር

የራጅ ባለሙያው ይሄነው ዛሬ ደሴ ነው የሚሠራው፤ ራጁም ኮምፒውተር ላይ ይወጣል። ስለ ሥራው ሲጠየቅ ግን ወሬው ዞሮ ዞሮ ድሮ ይሠራባት ወደነበረችው ከተማ፣ መካነ ሰላም ይገባል። ጄኔሬተሩ ሲያጓራ፣ እሱ ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልም ሲያጥብ፣ በገበያ ቀን ሰዉ ደጁን ሞልቶ ሲጠብቀው።

የእማማ ሩቂያ ነገር በተለይ አይረሳውም። በርበሬ ነጋዴ ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ግድም ከበቅሎ ወድቀው እግራቸው ተሰበረ። ስብራቱ ቢገጥምም አጥንቱ ውስጥ ጀርም ገብቶ ቀረ፤ ቁስሉ ይደርቃል፣ ተመልሶ ይመግላል። መጀመሪያ ራጅ የተነሱ ሰሞን መርፌም ታዝዞላቸው ስለነበር ተሻላቸው። ምስጋናው ግን ለይሄነውና ለራጁ ሆነ። ባገረሸባቸው ቁጥር እሱ ዘንድ ይመጣሉ።

"ልጄ፣ ያችን ብርሃን አንዴ ጣል አርግብኝ።"

"እማማ፣ ራጅ ያሳያል እንጂ አያድንም። ሲደጋገም እንዲያውም ይጎዳል።"

"አብሽር፣ የተሻለኝን እኔ አውቃለሁ!"

ይሄነው ራጅ አላነሳቸውም። ሐኪሙን ለምኖ ደሴ አስላካቸው፤ ራሱም አብሯቸው አውቶቡስ ተሳፈረ። እዚያ የሞተው አጥንት በቀዶ ጥገና ወጣላቸው፣ መድኃኒቱን ለወራት ወሰዱ፣ ቁስሉም ደረቀ። ትንሽ ቢያነክሱም ወደ ገበያቸው ተመለሱ።

ከዓመታት በኋላ ይሄነው አዲስ አበባ ለሥልጠና ሄዶ አንድ አስተማሪ የተናገሩት ነገር አስደነቀው። እንደተመለሰ ሻንጣውን ቤት ጥሎ በቀጥታ በርበሬ ተራ ሄደ።

"እማማ፣ ውጭ አገር ጀርምን በጨረር ሊገድሉ እየሞከሩ ነው! ሰውነታችን ጀርም ሲገባበት ያንኑ ጀርም ለይቶ የሚይዝ ነገር ይሠራል፤ ፀረ እንግዳ አካል ይሉታል። እሱ ላይ ጨረር ያለው ነገር ያጣብቁና በመርፌ ይሰጡታል። ጀርሙን ፈልጎ ይይዘዋል፣ ጨረሩም እዚያው ይገድለዋል።"

እማማ ሩቂያ መስፈሪያቸውን አስቀመጡ። "አላልኩህም?"

"የኔው ራጅ አይደለም እኮ። ይሄም ቢሆን ገና በአይጥ ነው የተሞከረው።"

"በአይጥ!" ሳቃቸው ፈነዳ። "እኛ እህላችንን ጨረሰችው ብለን ስናሳድዳት፣ እነሱ ሐኪም አቆሙላት? ለመሆኑ ዳነች?"

"ብዙዎቹ ድነዋል አሉ።"

ሳቃቸው ሲበርድ እግራቸውን አሻሹ። "አላህ ይርዳቸው። የኔስ አልፏል፤ እንደኔ አጥንቱ ለሚመግል ይድረስለት።"

እማማ ሩቂያ ካረፉ ቆይቷል። ደሴ ላይ ታካሚው ስሙን እንኳ ሳይጠይቀው ራጅ ተነስቶ ይሄዳል። መካነ ሰላም ሳለ ግን ለሥልጠና ሰንብቶ ሲመለስ፣ ያየውንና የሰማውን ሲያወራ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጠው ሰው ነበረው።