አሥር እጥፍ
ነርሶችን የምታስተምረው ሴትዮ፣ ሃያ ዓመት ሆስፒታል ዋርድ ውስጥ ስትሠራ እንዲህ ፈርታ አታውቅም። ለምርምር ጥናቷ ስልሳ ተማሪዎችን ለሁለት ከፍላ፣ ግማሾቹ በኤአይ አስጠኚ፣ ግማሾቹ በመጽሐፍ ብቻ ሦስት ወር አጠኑ። በየሳምንቱ ልምምድ በኤአይ ያጠኑት ተማሪዎች ውጤት ጣሪያ ነካ። በመጨረሻ ስልካቸውን ሰብስባ ሁሉንም በወረቀት ፈተነቻቸው።

ከእነሱ መካከል በልምምዱ አንደኛ የነበረችው ልጅ ለሕፃን የሚሰጠውን መድኃኒት አሥር እጥፍ አድርጋ ጽፋለች። ሰኞ ደግሞ ሕፃናት ክፍል ልትመደብ ነው። መምህሯ ወዲያው አስጠራቻት።

«ይህን እንዴት አመጣሽው፣ የኔ ልጅ?»

«ኤአዩ ሲያስረዳኝ ገብቶኝ ነበር እኮ፣ ቲቸር። ብቻዬን ስሆን ድርግም አለብኝ።»

«ይህን ያህል ብትሰጪው ሕፃኑ ምን ይሆናል?»

ልጅቷ ወረቀቱን ደግማ አየችና ፊቷ አመድ መሰለ። «ይሞታል» አለች።

መምህሯ ምደባዋን አዘገየችባት፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ አብረው በእርሳስ ሲያሰሉ ሰነበቱ። ልጅቷ ተስተካከለች። የመምህሯ ፍርሃት ግን ባሰ፤ አምና በዚያው አስጠኚ አጥንተው የተመረቁት ማንም በወረቀት ሳይፈትናቸው ነው ሥራ የያዙት። ስም ዝርዝራቸውን አወጣችና ከቀጠሯቸው ሆስፒታሎች ወደ መጀመሪያው ደወለች።