ማኅተም የተመታበት ሾላ

በ1957 ዓ.ም. ክረምት አሰበ ተፈሪ ውስጥ ሥራ የፈታ የመንግሥት ሠራተኛ ቢኖር መምህር ዘገየ ነበር። ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፤ እሱ ደግሞ ከድሬዳዋ የውሃ ቀለም ገዝቶ መጥቷል። ጠዋት ጠዋት፣ ዝናቡ ሳይመጣ፣ መቀመጫ ዱካውን አንጠልጥሎ ወንዝ ዳር ይወርዳል። ዓሣ አጥማጅ ነው እንዳይባል መረብ የለው፤ መሬት ለኪ ነው እንዳይባል ገመድ የለው። ወረቀት ያረጥባል፣ ያደርቃል፣ መልሶ ያረጥባል። ለዚህ ነው ደሞዝ የሚከፈለው? አለ ያገሩ ሰው።

አንድ ጠዋት የአዴ ኩብራን የማሽላ ማሳ ሣለ። ከማሳው በታች አንድ ትልቅ ሾላ ቆሟል። ከሾላው በላይ የኩብራ፣ ከሾላው በታች የቀኛዝማች በላይነህ፤ ይህን ድንበር የማያውቅ ላም እንኳ የለም። ዘገየ ግን ወረቀቱን ቢያየው ላይኛው ጎኑ ባዶ ሆነበት። ምን ቸገረው፣ ሾላውን ነቅሎ ከማሳው በላይ፣ ከኩብራ ደጃፍ ተከለው።

“አስተማሪ፣ ሾላው እኮ ከታች ነው” አለችው ኩብራ ቀረብ ብላ።

“አውቃለሁ አዴ፤ እዚህ ግን ያምርበታል።”

ሳቀችበት። ወረቀት ላይ ዛፍ ቢዛወር ማን ይጎዳል?

ሥዕሉን ትምህርት ቤቱ ቢሮ ሰቀለው። ዳይሬክተሩ አቶ ይልቃል ማኅተም የሌለው ወረቀት ግድግዳቸው ላይ ካዩ እህል አይወርድላቸውም። ቁጥርና ቀን ጻፉበት፣ ዘገየን አስፈረሙት፣ ደመናው መሀል ክብ ማኅተም መቱበት። እሱ ሞኙ ለጥበቡ የተሰጠ ክብር መሰለው!

ቀኛዝማች በላይነህ ለሌላ ጉዳይ ቢሮ ገብተው ሥዕሉን አዩ። ማኅተሙንም አዩ። “እጅህ ይባረክ፤ ለሳሎኔ ስጠኝ” ቢሉት፣ አድናቂ አግኝቶ የማያውቀው ዘገየ ጠቅልሎ በሁለት እጁ አቀረበላቸው። በሳምንቱ ሾላው ተቆረጠ፤ ጉቶው ሳይቀር ተነቀለ። በወሩ ኩብራ የቀኛዝማችን ማሳ ይዛለች ተብላ ተከሰሰች።

ዳኛው ሥዕሉን ወደ መስኮቱ አዙረው አዩ። “ሾላው ከማሳው በላይ ነው። ስለዚህ ማሳው የቀኛዝማች ነው።”

“የሣለው ይጠየቅ” አለች ኩብራ።

ዘገየ ላቡን እየጠረገ ተነሣ። “እውነቷን ነው፣ ጌታዬ። ሾላው ከታች ነበር። እኔ ነኝ ያዛወርኩት።”

“ፊርማው ያንተ ነው?”

“አዎን።”

“ማኅተሙስ?”

“የትምህርት ቤቱ ነው።”

“እንግዲህ ምረጥ። ወይ ሥዕሉ እውነት ነው፤ ወይ በሐሰት ወረቀት ላይ የመንግሥት ማኅተም አስመትተሃል፤ ለዚህ ደግሞ ወህኒ ቤት አለ።”

ዘገየ ኩብራን አየ። በሩ ላይ የቆመውን ፖሊስም አየ። ሁለቱ ሕፃናት ልጆቹ ትዝ አሉት። ፈሪ ለእናቱ ይሉ የለ? ዓይኑን መሬት ላይ ተከለና “ምናልባት… ከላይም ሳይሆን አልቀረም” አለ።

ማሽላው ሊደርስ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ማሳው ከነአዝመራው ለቀኛዝማች ተፈረደ።

ኩብራ ደጅ ጠበቀችው። እንድትረግመው ተመኘ፤ ቢረገም ይቀለው ነበር። እሷ ግን አልጮኸችም።

“ለልጆችህ ብለህ ነው፣ ገብቶኛል” አለችው። “እኔም አምስት አሉኝ።”