የሁለት ቁጥር ክፍል ወረፋ

እኔ መርፌ ወግቼ፣ ጥጡን ጥዬ፣ እጄን ስታጠብ ነው ሰው «መቼ ነው የምትወጋኝ?» ብሎ የሚጠይቀኝ። ጉራ አይደለም። ከቢቸና እስከ ሞጣ ያለውን ሰው ጠይቁ። እሺ፣ ትንሽ ጉራ ነው። ትምህርት ቤት ያስተማረኝ ሩቡን ቢሆን ነው፤ የቀረውን ገጠር ላይ ብቻዬን ተቀምጬ፣ ጥራዙ የለቀቀ የሕክምና መጽሐፍ እያገላበጥሁ የተማርሁት ነው። ነርስ ነኝ። ገበሬው ግን ዶክተር ይለኛል፤ እኔም አንድ ቀን አርሜው አላውቅም።

ጤና ጣቢያችን ከቢቸና በባጃጅ ወጣ ብሎ ነው ያለው። ሁለት የምርመራ ክፍል አለው። አንድ ቁጥር የኔ ነው። ሁለት ቁጥር ለብዙ ዓመት የተሰበረ አልጋና የአጎበር ካርቶን ማስቀመጫ ነበር። አምና ከሞጣ አንዲት ነርስ ተመደበችልን። ልጅ እግር ናት፤ ስታወራ እንኳ ጆሮህን ማስጠጋት አለብህ። ካርቶኑን አስወጣች፣ ግድግዳውን አጠበች፣ ቁጭ አለች። «እስኪ ማን ይመጣልሽ» አልሁ በሆዴ።

መጡላት።

መጀመሪያ እናቶቹ ሄዱ። ቻልሁት። አንድ ቀን ግን ወገባቸውን ባመማቸው ቁጥር እኔ መርፌ ካልወጋኋቸው የማይሻላቸው የቅኔ መምህር የእኔን በር አልፈው ወደ ሁለት ቁጥር አቀኑ።

«አባ! በሩ እኮ እዚህ ነው!»

«አውቀዋለሁ ልጄ። ወደ ሲስተሯ ነኝ።»

«እሷ መርፌ አትወጋም!»

«አዎ፣ ባለፈውም አልወጋችኝም። ሲያስተምሩ የሚውሉት ምን ላይ ተቀምጠው ነው አለችኝ። መደቡን ከፍ አስደረግሁት፤ ተሻለኝ። አንተ ይሄን ሁሉ ዓመት ስትወጋኝ አንድ ቀን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

ከዚያ ወዲህ ምሳ አልበላ አለኝ። ሥራዬ በመስኮት የሷን ወረፋ መቁጠር ሆነ። የሆነ ዘዴማ አላት ብዬ ሚስቴን ሰላይ አድርጌ ላክኋት።

«ታማሚ መስለሽ ግቢ። ምን እንደምታደርግ አይተሽ ንገሪኝ።»

«ምን አመመኝ ልበል?»

«ራሴን በያ! እሱ እንደሁ ጠፍቶብሽ አያውቅም።»

«እሱስ እውነት ነው» ብላ ሳቀች። እውነት ነው፣ ሚስቴ ራሷን ያማታል። ባማረረች ቁጥር ከጋውኔ ኪስ የራስ ምታት ኪኒን አውጥቼ እሰጣታለሁ። ከሐሳብ ነው እላታለሁ።

ገባች። ቆየች። ስንት ሰው ገብቶ መውጣት በሚችልበት ጊዜ እሷ ብቻዋን ቆየች። ስትወጣ አልሳቀችም። ካርዷን ደረቷ ላይ ይዛለች።

«እሺ፣ ምንድን ነው ዘዴዋ?»

«ግፊቴን ለካችኝ።»

«ታዲያ እኔስ አልለካም?»

«የማንን?»

ካርዱን ተቀብዬ አየሁት። መቶ ሰማንያ በመቶ አስር። እያሳረፈች ሦስቴ ለክታታለች።

እግዜር ይቅር ይበለኝና መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «መሣሪያዋ ተበላሽቷል» የሚል ነበር። ደስም ሳይለኝ አልቀረም። ሚስቴን ክንዷን ይዤ አንድ ቁጥር አስገባሁና በራሴ መሣሪያ ለካሁ። ያው። ጆሮዬን ጠርጥሬ በሌላው ክንዷ ለካሁ። ያው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምሽ ብላ ጠየቀችኝ» አለች ሚስቴ፣ እጅጌዋን እየመለሰች። «ካቻምና አልኋት።»

«ባልሽ ነርስ አይደል ወይ አላለችሽም?»

«ብላኛለች።»

«ምን አልሻት?»

«ሥራ ይበዛበታል አልኋት።»

በእኔ በር ላይ ሁለት ሰው ነበር የተቀመጠው። አንደኛው ካርድ ክፍል መስሎት ነው።

አሁን ሚስቴ መድኃኒት ጀምራለች። እኔ እቤት ልከታተልሽ ብላት «አይ፣ ሲስተሯ ትየኝ» አለች። ስለዚህ በየወሩ ወረፋ ይዤ ሁለት ቁጥር ደጃፍ፣ አግዳሚው ላይ ከገበሬው መሀል እቀመጣለሁ።

«ዶክተር፣ አንተም አመመህ እንዴ?» ይሉኛል።

«በጣም» እላለሁ። ይስቃሉ። እኔ ግን ጆሮዬ በሩ ላይ ነው። ሚስቴ ውስጥ ሆና ታወራለች። ለኔ ነግራኝ የማታውቀውን ነገር ነው የምታወራው፣ ይታወቀኛል፤ አንዳንዴም ትስቃለች። ይሄ ሁሉ ዓመት አገር ያሳቅሁ ሰውዬ፣ የገዛ ሚስቴን ሳቅ ከበር ውጭ ሆኜ እሰማለሁ።

ስትወጣ ካርዱን እቀማታለሁ። ቁጥሩ ወር በወር እየወረደ ነው። እሱ አይበቃኝም፤ አንድ ቁጥር አስገብቼ ደግሜ እለካታለሁ። ያው ነው።

«አሁንም አላመንኻትም?» ትለኛለች ሚስቴ።

ሲስተሯ አንድ ቀን እንኳ ብትሳሳት ምን አለበት? ብቻ በዚህች ክንድ ላይ አይሁን እንጂ።